ምሰሶው ከነዱዓው

የቦካ ጭቃ ሽታ ታውቃላችሁ? ጭድ ገብቶበት፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተረግጦ፣ እንደገና ተረግጦ የከረመ ጭቃ። ግማሹ የቆየ ሊጥ ይሸታል፣ ግማሹ በረት። ተመርቄ የተመለስኩ ቀን ሐይቅ ከተማ ከሚኒባስ ወርጄ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው ሳይሆን ይኼ ሽታ ነው። ጎረቤት ቤት እየሰሩ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን "ወይ ልጅነቴ!" ብሎ እንባው ይመጣ ይሆናል። እኔ ግን ንድድ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ደግሞ ባሰብኝ። እናቴ ለምርቃቴ ምሳ አዘጋጅታ ጎረቤቱን ጠርታለች። አጎቴ ሰይድ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን እየጠረገ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው "ይቺ ልጅ እኔ ባቆምኩት ቤት አድጋ ነው ለዚህ የበቃች" አለ። ሰውም "ማሻአላህ!" አለ። እናቴ ወጥ እየጨለፈች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። እሷ እንዲህ ናት፤ አንዴ የጨረሰችውን ነገር ሁለተኛ አታነሳውም። እኔ ግን እንደ እሷ አይደለሁም። "ባቆምኩት ቤት"? እኔ እኮ ነበርኩ! ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እንጂ እውር አልነበርኩም። ስለዚህ እንደሆነው እንደሆነው ልንገራችሁ።

አባቴና እናቴ የተፋቱት ያኔ በጋው ሲጀምር ነው። እናቴ እኔን ይዛ ወደ አባቷ ግቢ ተመለሰች። አያቴ ሞቷል፤ ግቢው ውስጥ ያለው አጎቴ ነው። ለእናቴ የደረሳት ከግቢው በታች፣ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቁራሽ መሬት ነው። እስኪሰራበት ድረስ አጎቴ እህል የሚያስቀምጥበት ጓዳ ውስጥ አስቀመጠን። የማሽላ ጆንያ ተደግፈን ነበር የምንተኛው። አይጥ ስትሮጥ እናቴ "ተኚ፣ እሷም እንደኛ እንግዳ ናት" ትለኝ ነበር።

አጎቴ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ እንዲህ አላት፦ "ፋጤ፣ ቦታውን ስሪበት፣ የአባትሽ ነው፣ ማን ይከለክልሻል። ክረምት ሲገባ ባዶ ካገኘሁት ግን አርሰዋለሁ። መሬት ጾሙን አያድርም።"

አነጋገሩ ለስለስ ያለ ነበር። እኔ ምክር መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን የዚያን ቀን ራት አልበላችም።

ሰፈሩ ሁሉ ምክር አለው። "ተበደሪና ቆርቆሮ ምቺ።" "ወንድምሽን አስይዢና ውሰጂ።" እናቴ ለሁሉም መልሷ አንድ ነው፦ "እዳ ቤት ይበላል።" ይቺን ነገር ደጋግማ ስትል እኔ እዳ ማለት ምስጥ ዓይነት ነገር መሰለኝ። እንጨት ውስጥ ገብቶ ቤት የሚበላ ነፍሳት። እናቴ ለግድግዳ ሰብስባ ያከማቸችውን እንጨት አንድ በአንድ በጠጠር እያንኳኳሁ፣ ጆሮዬን ለጥፌ፣ እዳ ገብቶበት እንደሆነ አዳምጥ ነበር። አንድ ቀን "ማማ፣ ይቺኛዋ እዳ ሳይኖርባት አይቀርም" ብያት በሳቅ ሞተች። በዚያ ዓመት ስትስቅ ያየኋት ጥቂት ነው፣ ለዚህ ነው የማልረሳው።

ሌላው የምፈራው ንፋሱን ነበር። ሐይቅ ዳር ያልኖረ ሰው ንፋስ አያውቅም። ሚያዝያ ላይ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ይታፈናል፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ውሃው ድንገት ይጠቁርና ንፋሱ ተነስቶ ይመጣል። አንዴ የአንድ ባለ ሱቅ ቆርቆሮ ሲገነጠል አይቻለሁ። በአየር ላይ እየተገለባበጠ፣ እየጮኸ መጥቶ ማሳ መሀል ተሰካ። ንፋሱ የሚነሳው እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት በኩል ነው። ገዳሙ ደግሞ ሴት አይገባበትም ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም አሰብኩና ደመደምኩ፦ በቃ፣ ንፋሱ ወንድ ነው። የእናቴን ቤት የሚጠላውም ለዚህ ነው።

እናቴ ግን ንፋሱን እንደ ሰው አጥንታው ነበር። አመሻሽ ላይ ቦታው ላይ ትቆምና ነጠላዋን ወዴት እንደሚወስደው ታያለች። ከዚያ "ክብ ነው የምሰራው። ትንሽ፣ ዝቅ ያለ፣ የሳር ክዳን። ክብ ቤት ንፋስ የሚጨብጠው ጥግ የለውም" አለች። በሩንም ጀርባውን ለሐይቁ እንዲሰጥ አደረገችው።

አይ ሰው ሲስቅባት! "ፋጤ፣ በዚህ ዘመን የሳር ቤት?" "ጎጆ ልትወጪ ነው እንዴ? ሙሽራውስ የታለ?" አንዱ ደግሞ "ቱሪስት ልታስገባ ነው" ይላል። የሚስቁት ሁሉ ቆርቆሯቸውን በብድር የመቱ ናቸው፤ ንፋስ ሲነሳ ጣራቸው ላይ ድንጋይ ለመጫን የሚሯሯጡትም እነሱው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። እኛ ጋ ቤት በወንፈል ነው የሚሰራው። ዛሬ አንተ ለኔ ትሰራለህ፣ ነገ እኔ ላንተ። ገንዘብ የሌለው ሰው ጉልበቱን ያበድራል፣ ጉልበት ይመለስለታል። እናቴ በጋውን ሙሉ ያበደረችው ጉልበት! የሰው ማሽላ ቆርጣለች፣ ምስር ነቅላለች፣ ሽንኩርት ለቅማለች። ማታ ስትመጣ ጣቶቿ አይዘረጉም፣ እኔ ነበርኩ አንድ በአንድ የምዘረጋላት። ከዚያ የሷ ተራ ደረሰ። ጉድጓድ የሚቆፈርበት፣ ቋሚው የሚተከልበት ቀን። ማለዳ ተነስታ ንፍሮ ቀቅላ፣ ውሃ ቀድታ ጠበቀች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ማንም የለም። ከምሳ በኋላ እየተንጠባጠቡ መጡ።

"ምነው? ምን ሆናችሁ ነው?" አለች።

አንዱ አካፋውን ተደግፎ "ምን ሆንን? የሴት ቀን ግማሽ ቀን አይደል እንዴ። ግማሽ ቀን ሰራሽልን፣ ግማሽ ቀን መጣን" አለ። ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ። የአሱር ሶላት ሲደርስ እሱንም ጥለው ሄዱ። ንፍሮውን ግን ሙሉ ነው የበሉት፤ ንፍሮ ላይ ግማሽ የለም!

ይኼን ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ስነግራቸው "ባህሉን አለመረዳት ነው" ያለኝ ልጅ አለ። ኧረ ተወኝ! ተረድቼዋለሁ። ጣቷን የዘረጋሁላት እኔ ነኝ።

የቀረውን እናቴ ከእትዬ አስካለ ጋር ጨረሰችው። እትዬ አስካለ ከታች በኩል ሐይቁ ዳር ብቻዋን የምትኖር ክርስቲያን ጎረቤታችን ናት። ባሏ ሞቷል፣ ምላሷ ግን የሁለት ሰው ነው። ከሷ ጋር ወንፈሉ ቀን በቀን ነበር፣ ሙሉ በሙሉ። ሁለቱ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ቋሚ አቆሙ፣ ማገሩን በልጥ አሰሩ። እኔ ደግሞ ጭቃ ረጋጭ ነበርኩ። ያ ጭቃ! መጀመሪያ እግርሽን ስትከቺ ይቀዘቅዝሻል፣ ከታች ደግሞ ሞቅ ይላል፣ ጭዱ በጣቶችሽ መሀል ይወጋሻል። ስትነቅይው "ጵሏ" ይላል። እትዬ አስካለ ከማገሩ ላይ ሆና "እስኪ ወገብሽን ነቅነቅ አርጊው፣ ሰርግ ቤት አይደለሽም እንዴ!" ትለኛለች። ቤት ስገባ የአጎቴ ሚስት አፍንጫዋን ትይዛለች። እኔ ግን ያን ጊዜ ከዚያ የተሻለ ሥራ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ምሰሶ። የክብ ቤት ጣራ ሁሉ የሚሰበሰበው መሀል ላይ በሚቆመው ምሰሶ ላይ ነው። እኛ አገር ደግሞ ምሰሶ እንጨት ብቻ አይደለም። ምሰሶ ሲቆም ሽማግሌ ተቀምጦ ዱዓ ይደረጋል፣ ቤቱ ለባለቤቱ ይመረቃል። ነገ ክርክር ቢነሳ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምሰሶውን ማን አቆመ? ዱዓው ለማን ተደረገ?" ብሎ ነው። ይኼን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ነኝ የማላውቀው።

አጎቴ ብዙ ጊዜ ባሕር ዛፍ ሊሰጣት ጠይቋል። "ቀጥ ያለ አለኝ፣ ውሰጂ፣ ወንድምሽ አይደለሁ?" ይላል። እሷ "አላህ ይስጥልኝ፣ አግኝቻለሁ" ትላለች። ያገኘችው እትዬ አስካለ ጓሮ የወደቀ የወይራ ግንድ ነበር። እትዬ አስካለ "ዝም ብለሽ ውሰጂው፣ ማገዶ ነው" ብላት እንኳ እምቢ ብላ በምትኩ ሽንኩርቷን ለቅማላታለች። እኔ በጣም ተናድጄባት ነበር። አጎቴ ደግ ነው፣ እናቴ ናት ኩሩ። እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ግንዱን ሊያመጡ የወረዱ ቀን እኔን ጭቃውን ውሃ እንዳጠጣ ትተውኝ ሄዱ። እነሱ እንደሄዱ አጎቴ መጣ። ከኋላው ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ወንዶች፣ ሸሁ፣ ሽማግሌዎች። አንድ ፍየልም ይጎተታል።

"ዘሀሪ፣ ለእናትሽ ያላሰበችውን ነገር ላደርግላት ነው" አለኝ። ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ።

ምን ላርግ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም! እየሮጥኩ ድንጋይ አቀበልኳቸው። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በድንጋይ ተጠቀጠቀ። ፍየሉ ታረደ፣ ብረት ድስት ተጣደ። ከዒድ ወዲህ ሥጋ አልቀመስኩም። ሽታው አፌን ውሃ በውሃ አደረገው። ሽማግሌዎቹ ክብ ሰርተው ተቀመጡ፣ ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። "ላቆመው ለሰይድ ያቁምለት!" "አሚን!" "ቤቱን በልጅ፣ ጎተራውን በእህል ይሙላለት!" "አሚን!" የሰይድ ስም ሲጠራ እንኳ ምንም አልታየኝም። ድስቱን ነው የማየው።

እናቴ የደረሰችው እዚህ ላይ ነው። እሷና እትዬ አስካለ፣ ሁለት ሌሎች ሴቶች ጨምረው፣ ያን ወይራ በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ፊታቸው በላብ ጠቁሯል። እናቴ የቆመውን ምሰሶ አየች። የተዘረጋውን እጅ አየች። ቀስ ብለው ግንዱን አወረዱት።

"ነይ ቁጭ በይ ፋጤ፣ ዱዓ ላይ ነን" አለ አጎቴ።

አልተቀመጠችም። ዱዓውንም አላቋረጠችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሸሁ ፊታቸውን በእጃቸው እስኪጠርጉ ጠበቀች።

"አባቴ፣ አውፍ ይበሉኝ" አለች። "ዱዓው ለማን ነው?"

ሸሁ ግራ ገባቸው። "ምሰሶውን ላቆመው ነዋ ልጄ። ለወንድምሽ። አንቺም እሱ ጥላ ስር ነሽ።"

"ቤቱ የኔ ነው።"

"የሷ ነው፣ የሷ ነው" አለ አጎቴ እየሳቀ። "ምን ልዩነት አለው? የኔም የሷም አንድ አይደል እንዴ? ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት አታቆምም ብዬ ላግዛት እንጂ!"

"እንግዲያው ይነቀል" አለች እናቴ።

ጫጫታው! "የቆመ ምሰሶ ይነቀላል?" "ሞት መጥራት ነው!" "አበደች እንዴ ሴትየዋ?" ሸሁ እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኙ። "ልጄ፣ የተደረገ ዱዓ አይመለስም" አሏት።

"እኔስ መች ይመለስ አልኩ አባቴ!" አለች። ድምጿ አልጨመረም። "ዱዓው ላቆመው ነው ብለዋል። ይሁንለት፣ አልቀናም። ምሰሶውም የአያ ሰይድ ነው፣ ዱዓውም የሱ ነው። ከነዱዓው እቤቱ አደርስለታለሁ። እኔ ዘንድ ካደረ ነው እዳ የሚሆንብኝ።"

አጎቴ ወደ ሸሁ አየ። ሸሁ ጢማቸውን ያዙና "ሰይድ፣ እንግዲህ ዱዓህን ተረከብ" አሉ።

እናቴ ተንበርክካ ድንጋዮቹን በእጇ ታወጣ ጀመር። እነዚያን እኔ ያቀበልኳቸውን። ሴቶቹ ገቡላት። ምሰሶው ተወዛወዘና ወጣ። ተሸክመው አጎቴ በር ላይ አስተኙት። ከዚያ እናቴ ተመልሳ ድስቱን አነሳች። እውነት እላችኋለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንንም አልተቃወምኩም ነበር። ድስቱ ሲሄድ ግን ጮህኩ! ጆሮውን ይዤ "ሥጋዬን! ሥጋዬን!" እያልኩ ተጎተትኩ።

"ልቀቂ ዘሀራ።"

"አለቅም! አጎቴ ነው ያመጣልን!"

"ስለዚህ ነው ልቀቂ የምልሽ።"

እትዬ አስካለ ከኋላ "እኔስ የእናንተ ሥጋ ቢሄድም ቢቀርም አልበላው፤ ያሳዘነኝ የዚች ልጅ ዓይን ነው" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ እስከ ማታ አኮረፍኩ። ራታችን ያው ንፍሮ ነበር። እናቴን ዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ አስበልጬ የጠላኋት የዚያን ቀን ነው። እና አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ያ ሰውዬ በአንድ ፍየል መሬቷን ብቻ ሳይሆን ልጇንም ሊወስድባት ነበር።

ወይራው በዚያው ቀን ቆመ። እናቴ "ቢስሚላህ" ስትል እትዬ አስካለ አማተበች፣ አራቱ ሴቶች ባንዴ አነሱት። ጠማማ ነው። መሀሉ ላይ ወገቡን የታመመ ሰው ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ጥላ ስር ተቀምጠው ያያሉ፤ አንድም ሰው ለዱዓ እጁን አላነሳም። ሸሁ ብቻ ሊሄዱ ሲሉ ቆም አሉ፣ ጎንበስ ብለው እፍኝ አፈር ዘግነው ጉድጓዱ ውስጥ ጨመሩ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ያሉት ግን አልተሰማኝም።

ጣራው ላይ የሚወጣ ወንድ ጠፋ። ስለዚህ እናቴ ሱሪ ከቀሚሷ ስር ለብሳ ራሷ ወጣች። "ሴት ጣራ ላይ!" ብለው መንገድ ላይ ቆመው የሚያዩዋት ነበሩ። ቆመው የሚያዩበት ጊዜ አላቸው፣ ሳር ለማቀበል ጊዜ የላቸውም። ሳሩን አቀባይ እኔ ነበርኩ፤ አኩርፌም ቢሆን። ክዳኑን በጠፍር እየወጠረች ከማገሩ ጋር አሰረችው፣ ንፋስ በሚመጣበት በኩል ደረበችው። ጭቃውን የመረግነው በመጨረሻ ነው፣ ሰኔ ሲገባ። በእጃችን። ከታች ያለው ትንንሹ መዳፍ የኔ ነው።

ሳይደርቅ ዝናቡ መጣ። ከሰዓት ነው። ውሃው ጠቆረ፣ እናቴ "ግቢ!" አለችኝ፣ በሩን ገፍታ ቀረቀረችው። ንፋሱ ቤቱን ዞረው፣ ዞረው፣ የሚይዝበት አጣ። ወዲያው በረዶ ወረደ። ከላይ ሳሩ ላይ የሚሰማው ድምፅ እንደ ቆርቆሮ አይደለም፤ ሽሽሽ ብሎ ይውጠዋል። የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ሲጮህ ይሰማኛል። እኔ ጠማማውን ወይራ አቅፌ ቆሜያለሁ።

በሩ ተደበደበ።

"ፋጤ! ክፈቺ!"

"ማነው?" አለች እናቴ። አውቃዋለች።

"ማን ይሆናል፣ እኔ ነኝ! ሰይድ!" ከታች ማሳው ላይ እያረሰ ነው በረዶው የያዘው፤ ከኛ ቤት የሚቀርበው አልነበረም።

እናቴ መቀርቀሪያው ላይ እጇን አስቀመጠች። አልሳበችውም። "የማን ቤት መጣህ?"

"ኧረ በነቢ! በረዶ እየፈጀኝ ነው!"

"እሱንማ እሰማለሁ። የማን ቤት ነው?"

በሩን እንደገና ደበደበው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዚያች ደቂቃ፣ ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ፤ ምሰሶው፣ ድስቱ፣ የእናቴ እምቢታ።

"ያንቺ" አለ ከውጭ።

"አልሰማሁም፣ ንፋስ ነው።"

"ያንቺ ነው! ያንቺ ቤት ነው! ክፈቺ!"

ከፈተችለት። ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ግንባሩ በበረዶ ቀልቶ ገባ። ቀና ብሎ ጣራውን አየ፣ አንድ ጠብታ የለም። ከዚያ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ።

"ጠማማ ነው" አለ።

"ጠማማ ነው" አለች እናቴ። ደረቅ ነጠላ ወረወረችለት፣ መደቡን አሳየችው። ሄዶ ተቀመጠና ጀርባውን ወደ ኋላ ሊያስጠጋ ሲል፣

"አያ" አለችው፣ "ግድግዳው ገና እርጥብ ነው። እንዳትደገፈው።"